ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ሂጂ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውድ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጀርመን፣ ካሰል ከተማ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከ15 ዓመት ልጄ ጋር በርሊን ያለችውን እኅቴን ልንጠይቅ ነው። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ዘንድሮ ስለ ናዚ ዘመን ስለተማረ "እማዬ፣ የሳክሰንሃውዘንን ማጎሪያ ካምፕ ሳናይ አንመለስም" ብሎ ያዘኝ። ጠዋት ከበርሊን ወስዶ ከሰዓት የሚመልስ የአንድ ቀን ጉብኝት እንዳለ እኅቴ ነገረችኝ፤ ክፍያ አለው። እኔን ግን ነገሩ ከበደኝ። ሰው ያለቀበት ቦታ ትኬት ቆርጦ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ተሰልፎ መጎብኘት ነውር አይሆንም? ልጄስ አይረበሽም? ጀርመንኛዬ ደካማ ስለሆነ እሱ ያስተረጉምልኛል ብያለሁ። ምን ልልበስ፣ ምን ልያዝ? ይምከሩኝ።
እናት፣ ከካሰል

መልስ፦ ልጄ፣ ከነውሩ ልጀምር።

እኔ ሳክሰንሃውዘንን መጀመሪያ ያየሁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ደርግ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ከላካቸው ልጆች አንዷ ነበርኩ። ከቋንቋ ትምህርት ቤታችን በአውቶቡስ ወሰዱን፤ ቬትናሞች፣ አንጎላዎች፣ ሞዛምቢኮች፣ እኛ ደግሞ አራት ኢትዮጵያውያን። 40 ሜትር ከሚሆነው ሐውልት ሥር አሰለፉን። ሐውልቱ አናቱ ላይ 18 ቀያይ ሦስት ማዕዘኖች አሉት። ቀይ ሦስት ማዕዘን የፖለቲካ እስረኛ ልብስ ላይ የሚሰፋው ምልክት ነበር፤ 18ቱ ደግሞ እስረኞቹ የመጡባቸው አገሮች ናቸው። አስጎብኚው ስለ ኮሚኒስት ታጋዮች ጽናት ረጅም ንግግር አደረገልን። እኔ ከግማሹ በኋላ አልሰማሁትም። ታላቅ ወንድሜ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ ቀርቷል። እናቴ እንዳታለቅስ ተከልክላ ነበር፤ ነጠላዋን እንኳ ማዘቅዘቅ አልቻለችም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በሰው አገር፣ የሰው ሙት ፊት ቆሜ እንባዬ መጣ፤ ልመልሰው ብል እምቢ አለኝ። አስተማሪያችን መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። ለማን እንደማለቅስ አልነገርኳትም። ያን ጊዜ ደርግ የላከኝ ልጅ ሆኜ ምን ብዬ ልንገራት?

እኛ ዘንድ ሰው ለቅሶ ሲደርስ የራሱንም ሙት ያነሳል። ቤተ ዘመዱ አይቀየመውም፤ እንዲያውም "አስለቀሰችን" ተብላ የምትመሰገነው እንዲህ ያለችው ናት። ነውር የሚባለው ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚስቅ፣ ሰዓቱን የሚያይ፣ ሐዘንተኛውን ሳያይ የቤቱን ዕቃ የሚቆጥር ነው። ስለዚህ መሄድሽ ነውር አይደለም። ግቢው መግቢያ አይከፈልበትም። የምትከፍይው ለሚያስጎበኝሽ ሰው ድካምና ለባቡሩ ነው። ለቅሶ እንደምትደርሺ አድርገሽ ሂጂ፤ እዚያ ስትደርሺ የምትሆኚው ሁሉ ከዚያ ይመጣል።

አስጎብኚ ስትመርጪ ግን ተጠንቀቂ። ይህን የምልሽ ተጎድቼ ነው። ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ የመጣች የአክስቴን ልጅ ይዤ፣ መሃል በርሊን ላይ ሰው ሰብስቦ የሚወስድ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ጋር ሄድኩ። ከአርባ ሰው በላይ ነበርን። ወጣቱ ከባቡር ጣቢያው ጀምሮ ሰዓቱን እያየ ያጣድፈናል። ግቢው ውስጥ የቆየነው አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። አስከሬን ይመረመርበት የነበረው ቤት ምድር ቤት ስንወርድ በደረጃው ተጋፋን፤ አንዱ ሳንድዊች እየበላ ነበር። የአክስቴ ልጅ እጄን ጎትታ "እንውጣ፣ ይበቃኛል" አለችኝ፤ ወጣን። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ እላለሁ፤ ስንት ሰው ነው የምትወስዱት? ግቢው ውስጥ ስንት ሰዓት ነው የምንቆየው? አስጎብኚው የመታሰቢያ ስፍራው ፈቃድ አለው? ከሦስት ሰዓት በታች ነው ካሉሽ ተያቸው። ከዚያ ይልቅ ኤስ 1 በሚባለው የከተማ ባቡር መጨረሻው ድረስ፣ ኦራኒየንቡርግ ትወርጃለሽ (ኤ ቢ ሲ የሚለውን ትኬት ቁረጪ፣ ከከተማው ክልል ውጭ ነው)፤ ከመታሰቢያው የመረጃ ክፍል ስለ ቦታው የሚተርክ የጆሮ ማዳመጫ ተከራይታችሁ በራሳችሁ እርምጃ ታያላችሁ።

ከጣቢያው እስከ ግቢው 20 ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ ነው። አውቶቡስም አለ፤ እኔ ግን በእግር ሂዱ እላለሁ። እስረኞቹም ከባቡር ወርደው በዚያው ከተማ መሃል እየተነዱ ነው የሄዱት። አንድ ጊዜ የእኅቴን ልጅ ይዤ ስሄድ፣ ያኔ እሱም እንደ ልጅሽ 15 ዓመቱ ነበር፣ ስለ ግድያው ከተነገረው ሁሉ በላይ ዓይኑ የቀረው ከአጥሩ ማዶ ያሉት ቤቶች ላይ ነው። መስኮቱ ላይ አበባ የተደረደረበት፣ ልብስ የተሰጣበት ቤት። ያን ቀን ምንም አልተናገረም። በሁለተኛው ቀን ራት ላይ ሹካውን አስቀምጦ "አክስቴ፣ እነዚያ ቤቶች ያኔም ነበሩ? ሰዎቹ ጠዋት መስኮት ሲከፍቱ አያዩም ነበር?" አለኝ። የነበሩ አሉ፤ ካምፑን ይጠብቅ የነበረው የናዚ ጦር፣ የኤስ ኤስ መኮንኖች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው የኖሩባቸውም አሉ። የሁሉም ማጎሪያ ካምፖች አስተዳደር ከ1938 ጀምሮ ተቀምጦበት የነበረው ትልቅ ሕንፃ ደግሞ ዛሬ የከተማው ግብር መሥሪያ ቤት ነው። ሰው በየዓመቱ ሰነዱን ይዞ ይገባበታል።

ካምፑን በ1936 በጋ የሠሩት እስረኞች ራሳቸው ናቸው፤ ጫካውን መንጥረው። በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ነው የተነደፈው፤ ከበሩ በላይ ካለው ማማ ላይ አንድ መትረየስ ሁሉንም ጎጆ እንዲያይ ተብሎ። እስከ 1945 ድረስ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ገብቶበታል፤ በረሃብ፣ በበሽታ፣ በሥራ ብዛትና በግድያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አልወጣም። በብረት በሩ ላይ "ሥራ ነጻ ያወጣል" የሚለውን ጽሑፍ ታያለሽ። ብዙ ሰው እዚያ ፎቶ ለመነሳት ይሰለፋል። አንቺ አትሰለፊ፤ ልጅሽም ራሱን ከበሩ ጋር አያንሳ። ግቢውን ማንሳት ይቻላል፤ እኔ ስልኬን ከቦርሳዬ አላወጣውም።

በሩን አልፈሽ ሰፊ ሜዳ ነው። የሚጠብቅሽ ባዶነት ነው፤ ይህን ለልጅሽ ቀድመሽ ንገሪው። ወጣቶች እንደ ፊልም ሁሉ ነገር እንዳለ ቆሞ የሚያገኙት ይመስላቸዋል። አብዛኞቹ ጎጆዎች የሉም፤ የነበሩበት ቦታ በጠጠር ተለይቷል። ከሜዳው ዳር ግን የጫማ መሞከሪያ መንገድ አለ፤ እዚያ ቁሙ። የጀርመን ጫማ ፋብሪካዎች በቆዳ ምትክ የሚሠሩት ሶል ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቆይ ለማወቅ እስረኞች ቀኑን ሙሉ በዚያ መንገድ እንዲዞሩ ይደረግ ነበር፤ በቀን ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር፣ ብዙ ጊዜ ሸክም ጭነው። መንገዱ እየተቆራረጠ ይለወጣል፤ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ስባሪ ድንጋይ። እኔ አንድ ክረምት ላይ ስባሪ ድንጋዩ ላይ ቆሜ ድንጋዩ በጫማዬ ሥር ሲወጋኝ ተሰማኝ። ወፍራም ሶል ነበር ያደረግሁት። የወደቀ ሰው በዚያው ላይ ነው የቀረው።

በስተቀኝ ጎጆ 38 እና 39 አሉ፤ አይሁድ እስረኞች የታጎሩባቸው ናቸው። በኖቬምበር 1938 ምኩራቦች ከተቃጠሉበት ሌሊት በኋላ ወደ 6 ሺህ የሚሆኑ አይሁድ እዚህ ካምፕ ገብተዋል። ከእነሱ አብዛኞቹ በኋላ ተለቀቁ፤ በኦክቶበር 1942 ካምፑ ውስጥ ከነበሩት አይሁድ ግን አብዛኞቹ ፖላንድ ውስጥ ወደነበረው የናዚ መግደያ ካምፕ፣ ወደ አውሽቪትዝ ተጋዙ። ጎጆ 38 ስትገቡ ግድግዳው ላይ በመስተዋት የተሸፈነ፣ ተቃጥሎ የተላላጠ ቀለም ታያላችሁ። ያንን ያቃጠሉት የሂትለር ሰዎች እንዳይመስልህ በይው። በሴፕቴምበር 1992 ነው፤ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን ጎብኝተውት በሄዱ በቀናት ውስጥ ቀኝ አክራሪዎች እሳት ለቀቁበት። እኔ ያን ጊዜ በርሊን ነበርኩ፤ እኛም በምሽት ባቡር መሳፈር የምንፈራበት ዘመን ነበር። የተቃጠለውን እንዳለ ትተው ማሳየታቸው ትክክል ነው እላለሁ፤ አድሰው ቀብተውት ቢሆን ኖሮ ልጅሽ ነገሩ ሁሉ ድሮ ያለቀ ይመስለው ነበር።

ከአጥሩ አጠገብ ስቴሽን ዜድ የሚሉት የግድያ ስፍራ ነው። ከመድረሳችሁ በፊት ለልጅሽ ንገሪው፣ ልግባ አልግባ ብሎ ራሱ ይወስን። በ1941 መኸር ከ10 ሺህ በላይ የሶቭየት ምርኮኞች በዚሁ ካምፕ ተገድለዋል። ሐኪም የሚመረምራቸው አስመስለው ቁመታቸውን ለመለካት ግድግዳ ላይ ያቆሟቸዋል፤ ከኋላ ባለው ቀዳዳ ማጅራታቸው ላይ ይተኩሳሉ። ከዚህ በላይ አልጽፍልሽም፤ እዚያ ተጽፏል።

አሁን በ1986 ማንም ስላልነገረን ነገር። አንደኛው፣ ጦርነቱ አልቆ ሶቭየቶች ካምፑን ከያዙት በኋላ እስከ 1950 ድረስ እነሱም እስር ቤት አድርገውት ነበር፤ ከ60 ሺህ እስረኛ 12 ሺህ ያህሉ በረሃብና በበሽታ አለቀ። የጅምላ መቃብሩ የተገኘው በ1990 የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ነው። ያንን ሁሉ ንግግር የሰማነው ያ መቃብር በቅርብ እያለ ነበር። ለዚህ ነው አስጎብኚሽን ስለ 1945 በኋላ ጠይቂው የምልሽ፤ እሱን የሚዘል አስጎብኚ ሌላም ይዘላል።

ሁለተኛው ባዩሜ ሞሐመድ ሁሴን ነው። የተወለደው በ1904 ዳሬ ሰላም፣ ያኔ የጀርመን ቅኝ በነበረችው ምሥራቅ አፍሪካ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ልጅ ሳለ ለጀርመን ጦር አሰለፉት። በ1929 ያልተከፈለውን የውትድርና ደመወዝ ሊጠይቅ በርሊን መጣ። አልከፈሉትም፤ እዚያው ቀረ። በአስተናጋጅነት ሠራ፣ ስዋሂሊ አስተማረ፣ ጀርመናዊት አገባ፣ በብዙ ፊልም ላይ ትንሽ ትንሽ ሚና ተጫወተ። በ1941 ከአንዲት ጀርመናዊት ጋር ግንኙነት አለህ ብለው ያዙት። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሳክሰንሃውዘን ገባ፤ ኖቬምበር 24 ቀን 1944 እዚያው ሞተ። በርሊን፣ ብሩነን ጎዳና ቁጥር 193 በር ላይ፣ እግረኛ መንገዱ ውስጥ የተተከለች እጅ የማታህል የናስ ሰሌዳ አለች፤ ስሙ ተጽፎባታል። ከጉብኝቱ በፊት ባለው ቀን ልጅሽን እዚያ ውሰጂው። ጎንበስ ብሎ ስሙን ያንብብ። የሚሄድበት ሰው ኖሮት ሲሄድ ሌላ ነው፤ ለቅሶ የሚደረሰው ለስም ነው፣ ለ200 ሺህ ሰው ማልቀስ ማንም አይችልም። ደግሞም ልጅሽ በዚያ አገር ጥቁር ሆኖ የሚያድግ ልጅ ነው፤ ያ ታሪክ የክፍል ጓደኞቹ አያቶች ብቻ አለመሆኑን ይወቅ።

ልጅሽ ያስተረጉምልኛል ያልሽውን ግን እለምንሻለሁ፣ እንዳታደርጊው። እኛ ስደተኞች ልጆቻችንን ሐኪም ቤትም፣ መሥሪያ ቤትም አስተርጓሚ ማድረግ ለምዶብናል። እዚህ ቦታ ላይ ግን የሰማውን እያንዳንዱን ነገር በአፉ መልሶ ለእናቱ ሊናገር ነው፤ ያውም እናቴን እንዳላሳዝን እያለ እያለሳለሰ። ሁለት ጊዜ ትጭኚበታለሽ። አንቺ ከመሄድሽ በፊት በአማርኛ የምታገኚውን አንብቢ፣ ይህንንም መልስ ቆርጠሽ ያዢው፤ እሱ አስጎብኚውን ለራሱ ይስማ። ያልገባሽን ማታ ትጠይቂዋለሽ።

15 ዓመት ደህና ዕድሜ ነው። የጀርመን ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎቻቸውን የሚወስዱት በዚያ ዕድሜ ነው። ለሕፃን ግን አይሆንም፤ አውሽቪትዝ ከ14 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም። እኅትሽ ትንንሽ ልጆች ካሏት እቤት ይቅሩ። ሲመለስ ባቡር ላይ "ምን ተሰማህ?" እያልሽ አትወትውቺው። የሚበላ ነገር ስጪው፣ አጠገቡ ተቀመጪ። ይጠይቅሻል፤ እንደ እኅቴ ልጅ ሁለት ቀን ቆይቶም ቢሆን።

ልብስ? ሜዳው ነፋስ ነው፤ በሰኔም ብትሄዱ ካፖርት ቢጤ ያዙ፣ የሚመች ጫማ አድርጉ። ውኃ ያዙ፤ ምግብ ከግቢው ውጭ ብሉ። እኔ አንድ ጊዜ ጧፍ ይዤ ሄጄ ነፋሱ ሦስት ጊዜ አጠፋብኝ። አሁን አበባ ነው የምይዘው፤ አንድ ዘለላ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከነታንያ፣ እስራኤል ነው የምጽፍልዎ። ቤተ እስራኤላዊ ነኝ። የ17 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤቷ ጋር ፖላንድ ልትሄድ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ የዚህ አገር ተማሪዎች የናዚን ካምፖች ልታይ። አልከለክላትም። ግን እኔ እ.ኤ.አ. በ1984 በልጅነቴ ከጎንደር በእግራችን ወጥተን ሱዳን የገባን ሰው ነኝ። ታናሽ እኅቴን እዚያው ሱዳን፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ቀብረናት ነው የመጣነው። የልጄ አስተማሪዎች ስለዚያ አንድም ቀን አልጠየቋትም። በደስታ እንዳልሸኛት ልቤ ያዘብኝ። ምን ላድርግ?
አባት፣ ከነታንያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር እኅትዎን ያስባት። እርስዎን ለመምከር እኔ ትንሽ ነኝ፤ ያንን መንገድ አልሄድኩትም። የመሰለኝን ልናገር።

ልጅዎ ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስደው ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ይውሰዷት። በሱዳን መንገድና በካምፖቹ ለቀሩት ቤተ እስራኤላውያን የተሠራው መታሰቢያ እዚያ ነው። የቀሩት ወደ 4 ሺህ እንደሚሆኑ ይገመታል። በኢየሩሳሌም ቀን ሥነ ሥርዓት ሲኖር ምናልባት ሄዳችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ያን ቀን ግን ሕዝብ ነው፣ ንግግር ነው። ሰው በሌለበት ቀን ሁለታችሁ ብቻ ሂዱና እኅትዎን ይንገሯት። ስንት ዓመቷ ነበር፣ በማን ጀርባ ታዝላ ነበር፣ በምን ታመመች፣ ማን ቆፈረ። ስሟን ይንገሯት። አባቶች ይህን ለልጆቻቸው በቁንጽል ይነግሩና "ይብቃ" ይላሉ፤ ልጆቹ ቀሪውን ለመጠየቅ ይፈራሉ። እናቴ ስለ ወንድሜ ያወራችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ብዙ ልጠይቃት የምፈልገው ነገር ነበረኝ፣ አሁን የለችም።

ልጅዎ አውሽቪትዝ ስትገባ በመስተዋት ጀርባ የተከመረ ጫማ ታያለች፤ የሕፃናት ጫማም አለበት። ወደዚያ ካምፕ ከተጋዙት ውስጥ ወደ 232 ሺህ የሚሆኑት ሕፃናትና ልጆች ነበሩ፤ አብዛኞቹ አይሁድ። ሻንጣዎችም ታያለች፤ ባለቤቶቹ እንዳይጠፋባቸው ስማቸውን በቀለም በትልልቁ የጻፉባቸው። ያኔ ባዶ እግሯን የሄደችውን የአባቷን እኅት የምታውቅ ልጅ ሆና ብትቆም፣ ሁለቱም ሐዘን የራሷ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይጋፋባትም። የሚያስቀይምዎ ልጅዎ የሌላውን ማየቷ አይደለም፣ የእርስዎን አለመጠየቃቸው ነው። እሱ ደግሞ በአስተማሪዎቿ በኩል የሚስተካከል ነው። ከጉዞው በፊት ወላጆች ይጠራሉ፤ ይሂዱ፣ ተነስተውም ይናገሩ። ተማሪዎቹ ማታ ማታ ተሰብስበው ሲነጋገሩ ልጅዎ ስለ ኡም ራኩባ አሥር ደቂቃ እንድትናገር ይፍቀዱላት ብለው ይጠይቁ። እምቢ የሚልዎ አስተማሪ ይኖራል ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሙኒክ ነው የምኖረው፤ ሆቴል ቤት ነው የምሠራው። ዕረፍቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብቻ ነው። እዚህ አጠገብ ያለውን የናዚ ማጎሪያ ካምፕ፣ ዳካውን በግማሽ ቀን ማየት ይቻላል? እዚያ ጸሎት ማድረግስ ይፈቀዳል?
ወጣት፣ ከሙኒክ

መልስ፦ ይቻላል፤ እሑድም ክፍት ነው፣ መግቢያውም ነጻ ነው። ኤስ 2 ባቡር ይዘህ ዳካው ትወርዳለህ፣ ከዚያ አውቶቡስ ቁጥር 726። መታሰቢያው ራሱ በትንሽ ክፍያ የሚያስጎበኝ ሰው ስላለው ከከተማ ሌላ አስጎብኚ መያዝ አያስፈልግህም። ከቅዳሴ መልስ ከሆነ ጊዜህ አጭር ነው፤ ሙዚየሙን ሁሉ ላንብብ አትበል። ካምፑ ከማርች 1933 እስከ ኤፕሪል 1945 የሠራ ነው፤ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ታስሮበት ከ41 ሺህ በላይ ሞቶበታል። ከ2,700 በላይ ካህናትና ቀሳውስትም ታስረውበታል፤ አብዛኞቹ የፖላንድ ካቶሊኮች ነበሩ።

ጸሎቱን በተመለከተ፣ እስከ ግቢው መጨረሻ ሂድ። የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንትና የአይሁድ የጸሎት ስፍራዎች አሉ፤ የሰው አስከሬን ይቃጠልበት ወደነበረው ቤት የሚወስደውን መንገድ ስትይዝ ደግሞ ከእንጨት የተሠራች ትንሽ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ጸሎት ቤት ታገኛለህ። ካምፑ ነጻ በወጣ በሳምንቱ የኦርቶዶክስ ፋሲካ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 28 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ አገር ቤትም በዚያው ቀን ፋሲካ ነበር። ገና ከካምፑ ያልወጡት የሰርብና የግሪክ ካህናት መጽሐፍም ልብሰ ተክህኖም ስላልነበራቸው፣ የጠባቂዎቹን ፎጣ ሰፍተው ለብሰው በቃላቸው የትንሣኤውን ሥርዓት አደረሱ። ጸሎት ቤቷ ውስጥ ያለው ሥዕል ክርስቶስ እስረኞቹን ከካምፑ በር ሲያወጣቸው ነው፤ በሩን የሚከፍቱት መላእክት ናቸው።